ማጉረስ የተከለከለበት ምሳ

ዩራኒ ሻርለሪ፣ ዴነሪ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ስታጥብ፣ አሮጊት ስታገላብጥ፣ ቁስል ስትጠርግ ኖራለች። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ነኝ። ስሜ ፊሎመን ነው፤ በእኛ አገር ትልቅ ሴት «ማ» ስለምትባል ሰው ሁሉ ማ ፊሎ ይለኛል። ከማብሰያው መስኮት ሆኜ የመመገቢያው በረንዳ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ስለዚህ የማላየው ነገር የለም፣ አይቼ ዝም የምለውም ጥቂት ነው።

ዩራኒ ከትምህርት የቀረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የአባቷን ሙዝ የሚገዛ ጠፋ፣ እናቷ አልጋ ያዘች፣ ደብተሩም በዚያው ተዘጋ። በእኛ ደሴት የማጠናቀቂያ ፈተና ወረቀት የሌለው ሰው የነርሶችን ትምህርት ቤት የሚያውቀው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው። ሐኪም ሳይመጣ የሳንባ ምችን ከአተነፋፈስ የምትለየውን ሴት፣ ትናንት የተመረቀች ነርስ መጥታ «አንቺ፣ ፖፖውን አምጪ!» ትላታለች። እኔን ያንገበግበኛል። እሷ ግን ሄዳ ታመጣለች።

ካቻምና የነርሶቹ ኮሌጅ አዲስ ነገር አወጣ። በአረጋውያን እንክብካቤ የሦስተኛ ደረጃ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ሰው፣ የትምህርት ቤት ፈተና ባይኖረውም ነርሲንግ መግባት ይችላል ተባለ። ስምንት ቦታ ብቻ ነበር። ዩራኒ ማስታወቂያውን ከጋዜጣው ላይ ቀድዳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ጋዜጣው የእኔ ነበር፣ ገና አላነበብኩትም።

በመጋቢት ለማረጋገጫው የምትፈትናት መዛኝ ከዋና ከተማው ከካስትሪስ መጣች። ሚስ ፓምፊል ትባላለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እስኪርቢቶዋ የማያርፍ። ዩራኒ ማጠቡን፣ ማልበሱን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወሩን ሁሉ አለፈች። ምሳ ላይ ቀረች። «ወደቀች» እንኳ አይሉም፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ገና ብቁ አይደለችም» ነው። ገና! አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ገና!

ጥፋቷ አባባ ኤቫሪስትን ማጉረሷ ነው። አባባ ኤቫሪስት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ደከመ። ፊዚዮቴራፒስቱ ግን «ማንኪያ መያዝ ይችላሉ» ብሎ ጽፏል። ሚስ ፓምፊልም «ራሳቸው መብላት የሚችሉትን ሰው አጎረሰች» ብላ ጻፈች።

ደሜ ፈላ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። «ሰው ማጉረስ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት።

«ማ ፊሎ፣ የምታጎርሳቸው ልጅ ነገ ብትታመም ምን ይሆናሉ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ጭልፋዬን ይዤ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። ክዳኑን በኃይል ከደንኩት።

ሁለተኛው ምዘና ለሰኔ፣ ለአንድ ረቡዕ ተቀጠረ። የኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ዩራኒ የስምንት ሳምንት የእንክብካቤ መዝገብ የያዘችው በአባባ ኤቫሪስት ላይ ስለሆነ ሰው መቀየር አትችልም። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ በቃል ማበረታታት ይቻላል፣ ማንኪያውን መንካት አይቻልም። ብታጎርሳቸው ወደቀች፣ ሳይበሉ ቢቀሩም ወደቀች።

ስምንቱንም ሳምንት ለመነቻቸው። ማንኪያውን ያነሳሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይጥሉታል። «እጄ ሞቷል ልጄ» ይሏታል። እሷም አንስታ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ማታ መዝገቡ ላይ «ዛሬም አልቻሉም» ብላ ትጽፋለች። አንዴ ዕቃ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋትና ሽንኩርት ነው አለችኝ። ሽንኩርቱ እኔ ጋ ነበር።

የምዘናው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ቅጠል ልቆርጥ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አባባ ኤቫሪስት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተቀምጠዋል። በዚያ ሞተ በተባለው ቀኝ እጃቸው ሰንጢ ይዘው ማንጎ ይልጣሉ። ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ ጉልበታቸው ወርዷል።

«እጅዎ ሞቷል ብለው አልነበር? መቼ ተነሣ?» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «ፊሎ፣ ድስትሽ አላረረም?»

«ይረር! ልጅቷ ስምንት ሳምንት በእንባ ስትታጠብ አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ሰንጢውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። «ሃያ አራት ሰው ነን፤ ሠራተኛው አምስት። መብላት የሚችል ሰው ፊት ሳህን ይቀመጥለትና ይኬዳል። የማይችል ሰው አጠገብ ግን ሰው ይቀመጣል። ልጄ ከማርቲኒክ ደሴት የሚደውለው ለገና ነው፤ ያውም ሁለት ደቂቃ። እሷ ግን ባሕር በሚወጡበት ጊዜ ማዕበሉ እንዴት ነበር ትለኛለች። ነግሬያትም ቢሆን ደግማ ትጠይቀኛለች።»

«ካላለፈች እኮ ዕድሏ አለቀ!»

«ካለፈች ትሄዳለች» አሉና ማንጎውን ቆረጡ።

ያን ጊዜ አዘንኩላቸው ብል ውሸት ነው። «እርስዎ ሌባ ነዎት» አልኳቸው። «የሚበሉት ሾርባ አይደለም፣ የልጅቷን ዕድሜ ነው።» ሰንጢያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለዩራኒ አልነገርኳትም። ብነግራት ጨክና ትታቸው አትሄድም ብዬ ፈራሁ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ የዱባ ሾርባ አወጣሁ። እንዳይንጠባጠብ ብዬ አወፈርኩት፤ ማንኪያ ቢቆምበት አይወድቅም። ማጭበርበር ከሆነ ይሁን። ሚስ ፓምፊል ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ዩራኒ እጇን ታጥባ መጣች፣ ሙቀቱን አየች፣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ዛሬ የዱባ ሾርባ ነው። ማንኪያው በቀኝዎ በኩል ነው። እኔ እዚሁ አለሁ።» ከዚያ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

ሰውዬው ባሕሩን ማየት ያዙ። አምስት ደቂቃ አለፈ። «ትንሽ ይሞክሩ አባባ፣ አንድ ማንኪያ» አለች። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሾርባው ላዩ ላይ ቆዳ አወጣ። በየጠረጴዛው ማንኪያ የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ወደዚያ ያያል።

«ዩራኒ፣ አጉርሺኝ እንጂ» አሉ።

የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

«አልችልም አባባ።»

«አትችይም ወይስ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ» አለች። «በጣም እፈልጋለሁ። ግን ዛሬ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።»

ሚስ ፓምፊል አንድ ነገር ጻፈች። ከጎናቸው የምትቀመጠው አሮጊት ማ ክሌዮ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! አጉርሺውና ይገላገል!» ብላ ጮኸች። የዩራኒ ትከሻ ወደፊት ሄደ። እጇ ከሥሯ ሲወጣ አየሁት። እንዳትነኪው፣ እንዳትነኪው እያልኩ ከንፈሬን ነከስኩ። እጇን መልሳ ተቀመጠችበት።

ሃያ ደቂቃ ሆነ።

«ካለፍሽ የምትሄጂው መቼ ነው?» አሉ አባባ ኤቫሪስት።

ሚስ ፓምፊል ቀና አለች።

«በመስከረም።»

«ለስንት ዓመት?»

«ለሦስት።»

«እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ ልትላቸው ትችል ነበር። እኔ ብሆን እል ነበር፤ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ያልሆነውንም ይላል። እሷ ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየች «አውቃለሁ አባባ» ብቻ አለቻቸው።

ማንኪያውን ያዙት። የመጀመሪያው ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ሲገባ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ በኋላ እጃቸው መረብ ሲጠግን የኖረ ሰው እጅ ሆነ፤ ሳይቸኩል፣ ጠብታ ሳይጥል፣ ሳህኑን እስከ ታች ጠረጉት። ዩራኒ እጃቸውን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ተመልሳ እጃቸውን አየች። ሁሉም ገባት። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም።

ሰዓቱ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ሚስ ፓምፊል ከማኅደሩ አንድ ወረቀት ስባ አወጣች። «አልጨረስሽም። አሁን ባየሽው መሠረት የእንክብካቤ ዕቅዳቸውን አስተካክይ።»

ዕቅዱ ላይ «በሠራተኛ እርዳታ ይመገባሉ» ይላል። እሱን ሰርዛ «ያለ ረዳት ይመገባሉ» ብላ መጻፍ አለባት። ማን ማንን እንደሚያበላ የሚወስነው የምሳ ድልድል የሚወጣው ከዚያች መስመር እንደሆነ እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ዩራኒ እስኪርቢቶውን ወረቀቱ ላይ አቆመችውና ቀረች። ሚስ ፓምፊል ሰዓቷን አየች፤ አልቸኮለችም፣ አልረዳቻትምም።

«ጻፊው» አሉ አባባ ኤቫሪስት፤ ሸሚዛቸውን በናፕኪን እየጠረጉ። «ፊሎ ሌባ ብላኛለች።»

ዩራኒ ወደ መስኮቴ ዞረች። እኔ የጠፋብኝ ነገር ያለ ይመስል ድስት ውስጥ አፈጠጥኩ።

ጻፈችው፣ ፈረመችበት። ሚስ ፓምፊልም «ብቁ ነሽ» አለቻትና እጇን ጨበጠቻት። ዩራኒ አመስግና የአባባ ኤቫሪስትን ሳህን አንስታ መጣች፤ እኔ ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም፣ ራሷ አጠበችው፤ ከታጠበም በኋላ ደግማ አጠበችው። ዓርብ ማመልከቻዋን አስገባች። በመስከረም ከስምንቱ አንዷ ሆና ገባች፤ አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ፖፖ አምጪ የሚላትም የለም። በእሷ ነገር አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን አባባ ኤቫሪስትን ያንኑ «ሌባ» እላቸዋለሁ።

የምሳ ድልድሉ ግን መስከረምን አልጠበቀም፤ በምዘናው ማግስት ሐሙስ ተለወጠ። ዩራኒ ሌላኛው ጥግ ላይ ማ ክሌዮን እንድታበላ ተመደበች። የአባባ ኤቫሪስትን ሳህን አንዷ ሠራተኛ ፊታቸው አስቀመጠችና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች። ሄጄ አጠገባቸው ልቀመጥ አሰብኩ፤ ያልወጣ አሥራ ዘጠኝ ሳህን ነበረብኝ። በመስኮቱ አየኋቸው። ባሕሩን አላዩም፣ ማንንም አላዩም፤ አጎንብሰው በሉ። በዘጠኝ ደቂቃ ጨረሱ። ከዩራኒ ጋር አርባ ይፈጅባቸው ነበር።