የፈላ ጠበል

ይህ የሆነው አምና በፍልሰታ ጾም ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ እስካሁን ለማንም በቅጡ አውርቼው አላውቅም፤ መጻፍ ይቀለኛል። ከአእምሮዬ የማይወጣው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከደጅ ያገድኩበት ቀን ስለሆነ ነው። ያገድኳቸው ሰው አክስቴ ነበሩ። ይዘውት የመጡት ደግሞ ጠበል ነው።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። የታናሽ እህቴ የሶስና ሁለት ኩላሊቶች ገና ዐሥር ዓመቷ ሳለ ሥራ አቆሙ። አዲስ አበባ ደሟ በማሽን እየታጠበ ብዙ ወራት ከረመች። በመጨረሻ እናቴ አንድ ኩላሊቷን ሰጠቻት። ዘመድ ሁሉ ያን ጊዜ ተሳለ። ጃንጥላ የተሳለ አለ፣ ሻማ የተሳለ አለ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሆኖ ሲጋራ ለማቆም ተሳለ። ከሁሉም የከበደው የእሱ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቆ ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙ አስጠነቀቀን። ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የምትውጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሟን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሰው አይሰብሰብባት፣ አትሳም፣ ያልፈላ ውሃ አትጠጣ። መድኃኒቷ ጠዋትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ መዛነፍ የለበትም።

ወሎ ውስጥ የታመመ አትጠይቁ ማለት የሞተ አትቅበሩ ከማለት አይተናነስም። መጀመሪያ ላይ እኛም አልጨከንም። በተመለስን ሰሞን አንድ ዘመዳችን አፍንጫውን እየጠረገ ገባና "እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ" ብሎ ሶስናን አገላብጦ ሳማት። ለእሱ ጉንፋን ብቻ ነበር። እሷን ግን ሆስፒታል መልሶ አስተኛት፤ ኩላሊቱም ለጥቂት ተረፈ።

ከዚያ በኋላ እናቴ በር ጠባቂ ያስፈልጋል አለች። "አንቺ የተማርሽ ነሽ" ብላ እኔን ሾመችኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። በዚያ ላይ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ለማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

የደረሰችልኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናት። ልትጠይቅ የመጣች ቀን፣ ገና አፌን ሳልከፍት ነገሩ ገባት።

"አብሽሪ" አለችኝ። "ዱዓን አጥር አያግደውም።"

ከአጥሩ ውጭ እጆቿን ዘርግታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለመነች። ሶስና በመስኮት "አሚን" አለቻት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘይነባ በየጠዋቱ በርጩማዋን ይዛ እየመጣች በሩ ላይ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ጀመር። ጠያቂ ሲመጣ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ እስክጨርስ እሷ ነገሩን ትጨርሰዋለች። "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ! እዚሁ ሆናችሁ መርቁና ሂዱ።"

በፍልሰታ አጋማሽ አክስቴ ከደሴ መጡ። አክስቴ ወርቅነሽ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ሶስና ስትታመም፣ ልጅቷ ድና ከተመለሰች በፍልሰታ የእመቤታችንን ጠበል በባዶ ሆዷ በእጃቸው ሊያጠጧት ተስለው ነበር። በማለዳው መኪና ተሳፍረው፣ ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው ደጃችን ደረሱ። ዝናብ ያካፋል።

"ገለል በዪ ልጄ፣ መድኃኒቷን ሳትውጥ ልድረስባት።"

"አክስቴ፣ ያልፈላ ውሃ ተከልክላለች" አልኩ።

"ውሃ ማን አመጣ? ጠበል ነው።"

"አውቃለሁ። ግን እሱም ከምንጭ ነው የሚቀዳው።"

"ሐኪሙ ክርስትና አልተነሳም?"

"አልጠየቅሁትም።"

ወደ እትዬ ዘይነባ ዞርኩ። በሁሉም ነገር የምትደርስልኝ ሴት ያን ጊዜ ቀና ብላ ደመናውን ታጠናለች። ኋላ ስጠይቃት "በጠበል ነገር እኔ ምን ብዬ ልግባ?" አለችኝ።

አክስቴ በጎኔ ሊያልፉ ሲሉ ሁለት እጆቼን በሩ ላይ ዘረጋሁ። "አይገባም አልኩ እኮ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። መንገድ ላይ የሚሄድ ባጃጅ እሱን የጠራሁት መስሎት ቆመ።

"ወላሂ ከዚህ ደጅ አልነሳም!" አሉ አክስቴ። ሲናደዱ እንደ ሀገሩ ሰው ወላሂ ይላሉ፤ ከዚያ ያማትባሉ። አማተቡና ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አሉ።

እናቴ ጎኗን ይዛ ወጣች። ብርድ ሲሆን የቀዶ ጥገናው ቦታ ያማታል። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ጠበሉን ከአክስቴ እኩል ታምንበታለችና። እሷ ግን አክስቴ አጠገብ ቆመች።

"እታለም" አለች በቀስታ፣ "ጠበሉን እኔም እፈልገዋለሁ። ግን ይኼ ኩላሊት ቢበላሽ ሌላ የምሰጣት የለኝም።"

"ስለቴንስ?" አሉ አክስቴ። "ስለቴን ባላደርስ፣ ልጅቷ ተመልሳ ብትታመም፣ እመቤቴን ምን ልበላት?" አለቀሱ።

ለካ ተናደው ሳይሆን ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። በሩ ላይ ሁላችንም አንድ ነገር ፈርተን ቆመናል፤ የምንፈራበት ምክንያት ብቻ ይለያያል። የመድኃኒቱ ሰዓት እየደረሰ ነው።

ሶስና ከመስኮቱ "ታዲያ ለምን አይፈላም?" አለች።

ጠበል አፍልቶ የሚያውቅ ሰው ከመሃከላችን የለም። እናቴ ለንስሐ አባታችን ደወለችና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ።

"አባ፣ ይፍቱኝ። ጠበል... ይፈላል?"

ጥያቄዬን አስደገሙኝ።

"ሻይ ልታደርጉት ነው?"

"ኧረ አይደለም አባ!" ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው።

"ሠለስቱ ደቂቅን ያላቃጠለ እሳት በረከቱን አያቃጥልም" አሉ። "አፍሉት። ግን ሽንኩርት ያልነካው ዕቃ ይሁን።"

ለጥንቃቄ አዲስ አበባ ወደምትከታተላት ነርስ ደወልኩ። ሐኪሙን ጠይቃ፣ በደንብ ከፈላና ትንሽ ከሆነ መጠጣት እንደምትችል ነገረችኝ። ሁለቱም ወገኖች ፈቀዱ። ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ነርሷ ምንም አላለችም።

አሁን ችግሩ ዕቃው ሆነ። እኛ ቤት ሽንኩርት ያልነካው ዕቃ የለም፤ ማንቆርቆሪያውም ቢሆን እናቴ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት ታፈላበታለች። እትዬ ዘይነባ ደመናውን ትታ ተነሳች። ቤቷ ገብታ ለልጇ ሰርግ የገዛችውን ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች።

"አዲስ ነው?" አሉ አክስቴ።

"ካርቶኑም አልተከፈተ። ግን እትዬ ወርቅነሽ፣ የሙስሊም ቤት ዕቃ ነው። ኋላ እንዳይከነክንዎት።"

አክስቴ ካርቶኑን አገላብጠው አዩ።

"እሱን አባን አልጠየቅናቸውም" አሉ። "አንጠይቃቸውም።"

ከበሩ ዞር ብዬ አክስቴን አሳለፍኳቸውና ጠበሉ ምድጃ ላይ ተጣደ። አክስቴ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አፍንጫና አፋቸውን በማስክ ሸፍነው አጠገቡ ቆሙ። እትዬ ዘይነባ ከበሩ ሆና "ገና ነው! በደንብ ይንተክተክ!" እያለች ትጮኻለች። ከፈላ በኋላ አክስቴ በታጠቡ ሁለት ኩባያዎች እያገላበጡ አበረዱት። ስልኬ የመድኃኒቱን ሰዓት ሲጠራ ጠበሉ ለብ ብሎ ነበር።

አክስቴ አማትበው በእጃቸው አጠጧት። ሶስና ጎንጨት አለችና ኩባያውን አየችው።

"ስኳር የለውም?"

እናቴ ጎኗን ይዛ ሳቀች፤ እያመማት ሳቀች። ሶስና መድኃኒቷን በቀረው ጠበል ዋጠች። አክስቴ ማስካቸውን ሳያወልቁ አለቀሱና ማስኩ ራሰ፤ ሌላ ሰጠኋቸው።

ጠበል የፈላበት ዕቃ ሌላ ነገር አይፈላበትም ስለተባለ ማንቆርቆሪያው እኛ ቤት ቀረ። እትዬ ዘይነባ "ሙሽራዋ በድስት ታፍላ" ብላ ነበር፤ አክስቴ ግን ከደሴ ሰኞ ገበያ ሌላ ገዝተው ላኩላት። ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሲፈላም ያፏጫል።

ሶስና አሁን ማስክ አድርጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የደም ምርመራዋ እስካሁን ደህና ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ አሁንም ሰፈሬን አልፌ እወርዳለሁ። ያን ቀን የወጣው ድምፅ ተመልሶ አልመጣም፤ መኖሩን ማወቄ ግን ደስ ይለኛል።

ሰው ሲጠይቅ አክስቴ ልጅቷን ያዳናት ጠበሉ ነው ይላሉ። እትዬ ዘይነባ ዱዓው ነው ትላለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ይላል። እናቴ ጎኗን ትዳስሳለች። እኔ እግዚአብሔር ነው እላለሁ። ያን ቀን በየት በኩል እንደገባ ግን አላየሁም፤ በሩን ዘግቼ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።