በልጁ ፈንታ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የራሱን ልጅ አስቀርቶ እኔን ጦር ሜዳ ላከኝ። በዚያ ላይ «ፈቅዶ ዘመተ» ብሎ ጻፈ። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። «የስኳር ራሽን ወረቀት ነው፣ አውራ ጣትህን አድርግበት» አለኝ፤ አደረግሁ።

ያኔ ከእንጦጦ አጠና እየቆረጥኩ ቀበና አወርድ ነበር። መጥረቢያዬን ለእናቴ ሳላስረክብ በከባድ መኪና ጫኑኝ። ሰሜን ላይ አራት ዓመት ምሽግ ቆፈርኩ፣ ተኮስኩ፣ ሰው ቀበርኩ። ተሸነፍን። በተማረክንበት ካምፕ አንድ መቶ አለቃ ጣውላ ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። በእግሬ ስመለስ እናቴ የለችም። ሰፈሩ «ምርኮኛው» አለኝ። የሊቀመንበሩ ልጅ ሱቅ ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ በአንድ እድር ስንኖር ሊቀመንበሩን ሰላም ብዬው አላውቅም።

ዘንድሮ አልጋ ያዘ። የነፍስ አባቱ «ሳትታረቅ አልፈታህም» ብለውታል አሉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች በወንበር ተሸክመው ደጄ አመጡት። ልጁ፣ ሽበት የወረሰው ሰው፣ በአባቱ ፈንታ ድንጋይ በጫንቃው ይዞ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ስለ ሚካኤል ብለህ ማረው» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ምን አድርገው ነው የምምራቸው? ይናገሩት።»

«ያለፈው ምን ያደርግልሃል ወንድሜ?»

«ይናገሩት አልኩ።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮታ ነበረብን። ታዘን ነው።»

«ኮታው ላይ የማን ስም ወጥቶ ነበር?»

ዓይኑን ወደ ልጁ መለሰ። ልጁ ከድንጋዩ ክብደት ይበልጥ ጎበጠ። አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩን ሊያወርድለት እጁን ሲዘረጋ «ማንም አይንካው» አልኩ። አባትየው ያስቀረውን ልጅ እንደጎበጠ ይየው ብዬ ነው። አላፈርኩበትም።

ልጁ ቀና ሳይል «አባዬ፣ የኔ ስም ነበር እንዴ?» አለ። ለካ እሱም አያውቅም።

«ያንተ ነበር» አለ ሰውዬው። «ፍቄ የሱን ጻፍኩበት። የስኳር ነው ብዬ አታለልኩት።»

ድንጋዩን ከልጁ ጫንቃ ላይ እኔው አነሳሁት። እሱ ምን አደረገኝ። ለአባትየው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ከልቤ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይበቃል አሉ።

እኔ አልበቃኝም። ወረቀት አምጥቼ ያለውን ቃል በቃል በገዛ እጄ ጻፍኩት። ልጁ አነበበለት። አባትየው ፈረመ። ከፊርማው ሥር ቀኑን ጻፍኩበት፤ ሰኔ ፲፪ ቀን።