ሞርሳ የሌለው ጠረጴዛ

ሞርሳ ማለት በአጭሩ የማይደክም እጅ ነው። ሁለት የብረት መንጋጋ አለው፤ እጀታውን ባጠበቁት ቁጥር በመካከላቸው የገባውን እንጨት ነክሶ ይይዛል። ሰው ሲያዛጋ፣ ሲያስነጥስ፣ ስልክ ሲያነሳ ሞርሳ አይለቅም። አናጺ በአንድ እጁ መሮ፣ በሌላው መዶሻ ይዞ መሥራት የሚችለው ይህ ሦስተኛ እጅ ስላለው ነው። ነገሩን ከወዲሁ በደንብ ብንጨብጠው ይሻላል፤ የምንተርክለት ሰው ሦስተኛ እጁ የተሰበረበት ሰው ነውና።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሚሊ በሚል ቅጽል ስም ነው። የሚሊሜትር ሚሊ ማለት ነው። ዕድሜውን በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ይዞ የወጣው ይህን ስምና አንድ የሚታጠፍ ሜትር ብቻ ነበር። መሳቢያም ይሁን መስኮት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶም ይሁን በእንግድነት የቀረበለት የዳቦ ቁራሽ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየውና «አንድ ሚሊ ትጎድላለች» ይላል። ሰውን የሚያናድደው፣ ሲለካ በእርግጥም ጎድላ መገኘቷ ነው።

ከጡረታ ወዲህ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ወንበር ይጠግናል። እግሩ የላላ፣ መደገፊያው የተነቀለ፣ ከባድ ዘመድ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። በክፍሏ ውስጥ በገዛ እጁ የሠራው ከባድ የሥራ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ሞርሳው ታስሯል። አንድ ቀን የወንበር እግር አስገብቶ ሲያጠብቅ ከውስጥ የሚፋጭ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እጀታው ያለምንም ተቃውሞ ይዞር ጀመር። መንጋጋውን የሚገፋው ዘንግ ጥርሱ ተበልቶ አልቋል። ሚሊ ወዲህ አዞረው፤ ወዲያ አዞረው። ዝም ብሎ ይዞራል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ይቆለልባታል፤ ጨርቁን የምትቆርጠው ግን መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ ነው። ፍራሽ ላይ የተቆረጠ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ይረዝማል። ይህን ማን እንደሚነግራት መገመት አያቅትም።

መጥታ የተሰበረውን ሞርሳ አየችው። እጀታውን በአንድ ጣቷ አሽከረከረችው።

«አይሠራም ማለት ነው?»

«ለጊዜው።»

«እሱ ከሌለ ደግሞ ወንበር አትጠግንበትም።»

«አልጠግንበትም።»

«እንግዲያው ይኼ ጠረጴዛ ነው» አለች ዳር እስከ ዳር በስንዝሯ እየለካች። «ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ እኔ ጨርቅ እቆርጥበታለሁ።»

ሚሊ ጠረጴዛውን ዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው። የሰው ልኬት ሲስት የመጀመሪያው ተቆጪ እሱ ነው፤ ይህ ልኬት ግን አልሳተም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ከመምጣቱ በፊት ሞርሳ ካገኘ ክፍሏ የሱ ሆና ትቀጥላለች። ካላገኘ የስፌት መኪናዋና ጨርቁ ይገባሉ፤ መላጊያዎቹና መሮዎቹ ደግሞ አልጋ ሥር ይገባሉ።

አዲስ ለምን አይገዛም? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሴት ልጁም ይህንኑ ጠይቃዋለች። ሄዶ አይቷል። ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት አዳዲስ ሞርሳዎች ቀለማቸው ያምራል፤ በተለይ ሰማያዊው ዓይን ይስባል። ሚሊ አንዱን አንስቶ እንጨት አስገባበትና እንደ ወጉ ሲያጠብቀው መንጋጋው እንደ ብስኩት ተሰነጠቀ። «ሰው እንዲህ አያጠብቅም ጋሼ» አለ ባለሱቁ ቅር ብሎት። የማይጠብቅ ሞርሳ ለምን እንደሚያገለግል ግን አላስረዳውም።

የቀረው አሮጌ ሞርሳ ነው። አሮጌ ሞርሳ ደግሞ ዛሬ የሚገኘው በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ገጹን ከፍታ አስተማረችው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሻጭ የዕቃውን ፎቶ ይለጥፋል፣ የሚዘጋበት ሰዓት ይቀመጣል፣ ፈላጊ ሁሉ በዋጋ ላይ ዋጋ ይጨምራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከላይ የተገኘው ይወስዳል። ከሥር ደግሞ ማንም ሰው ሻጩን የሚጠይቅበት፣ ሌላውም ሁሉ የሚያነበው ቦታ አለ።

ቀላል ያልሆነው ቋንቋው ነው። ሚሊ ይህን ቋንቋ እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ አጠናው። «ጥቂት ዝገት አለው» ማለት በዝገቱ መሃል ጥቂት ብረት አለ ማለት ነው። «አልሞከርኩትም» ማለት ሞክሬው እምቢ አለኝ ማለት ነው። «ለሚያውቅ ሰው» ሲሉ ደግሞ እኔ ሳላውቅ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ፣ ተራው ያንተ ነው እያሉ ነው። ፎቶውም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ሻጭ ሞርሳውን ከጎረቤት ቤት ሆኖ ያነሳው ይመስላል። ሌላው ያነሳው ካርቶኑን ነው። አንዷ ደግሞ ድመቷ ሞርሳው ላይ እንደተኛች አንስታዋለች፤ ብዙ ፎቶ ለጥፋለች፣ ሁሉም የድመቷ ነው። ሚሊ እንስሳዋን ለአፍታ ዞር እንድታደርግለት በትሕትና ጠየቀ። «እንቅልፍ ላይ ናት» የሚል መልስ መጣ። ድመቷ ሳትነቃ ጨረታው ተዘጋ።

በመጀመሪያ ያሸነፈው ሞርሳ ፎቶው የጠራ፣ ዘንጉ ጤነኛ ነበር። ተፎካካሪ አልነበረበትም፤ ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። ዕቃው የመጣ ቀን አድራሹ ሞተሩን አቁሞ ሞርሳውን ከጃኬቱ ኪስ አወጣው። የሰዓት ሠሪ ሞርሳ ነው፤ መዳፍ አይሞላም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዳቦ ሲለካ የኖረ ሰው ልኩን ሳይጠይቅ ገዛ።

ሚስቱ ዕቃውን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። «ስንት ሚሊ ጎደለች?» አለችው።

ትንሿን ሞርሳ ወስዳ ከስፌት መኪናዋ ጠርዝ ላይ አሰረቻትና መቀስ ማንጠልጠያ አደረገቻት። መልሳም አልሰጠችውም።

ከዚያ በኋላ ሚሊ ሳይጠይቅ ዋጋ አልሰጠም። ጠይቆ የወደደውን ግን አንድ ሰው ይነጥቀው ጀመር። የዚህ ሰው የጨረታ ስሙ «ቀስ በል» ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ እሱን የመሰለ ፈጣን የለም። ቀኑን ሙሉ ድምፁን አያሰማም። ሚሊ ከላይ ሆኖ፣ ልጁ በትከሻው በኩል እያየች፣ ሰዓቱ አለቀ ሲባል ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና እፍኝ ታህል ጨምሮ ይወስዳል። በዚህ ዓይነት ሁለት ሞርሳ ነጥቆታል። ሚሊ ሌሎች ጨረታዎችን ሲያገላብጥም ይኸው ስም አለ፤ መላጊያ ወስዷል፣ መጋዝ ወስዷል፣ መሰርሰሪያ ወስዷል።

«ይኼ ሰው ትልቅ ወርክሾፕ ሳይኖረው አይቀርም» አለ ሚሊ በቅናትም በአክብሮትም።

«ወይ ጠላትህ ነው» አለች ሚስቱ።

«እኔ ጠላት የለኝም።»

«መሳቢያቸውን ያስፈረስክባቸው ሰዎችስ?»

ሚሊ መሳቢያዎቹን በልቡ ይቆጥር ጀመር።

የዩኒፎርሙ ጨርቅ ሊመጣ እንደተቃረበ የኋላዋን ክፍል በር ነፋስ እየደረገመ ሚስቱን አላሠራ አላት። «ክፍሏ የኔ ስትሆን ይኼ በር እንዲህ አይቀጥልም» ስትለው ሚሊ ቢያንስ ለዚህ መፍትሔ ልስጣት ብሎ በጨረታው ገጽ ላይ የበር ማቆሚያ ፈለገ። ከጌጠኛ ድንጋዮችና ከሸክላ ዝሆኖች መሃል አንድ ማስታወቂያ አገኘ። «ከባድ ብረት። ከሟች አባቴ ዕቃ ማስቀመጫ የተገኘ። ምንነቱን አላውቅም። በር ያቆማል» ይላል።

ሚሊ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና መልሶ አደረገው። ሞርሳ ነው። ያውም ሰፊ መንጋጋ ያለው፣ ዘንጉ ያልተነካ፣ ከእጀታው ሥር ትንሽ ምላስ ያለችው ሞርሳ። ይህች ምላስ ምን ያህል ድንቅ እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል። ተራ ሞርሳ ለመክፈት እጅ እስኪዝል ማሽከርከር ነው፤ ምላስ ያለውን ግን በጣት ጫን ሲያደርጉት ዘንጉ ይለቅና መንጋጋው እንደ መሳቢያ ወዲያው ይሳባል። ፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚነካው የክፍሉ አለቃ ነበር። ሚሊ አለቃ ሳይሆን ጡረታ ወጣ።

ዋጋ የሰጠ ማንም የለም። ሞርሳ ፈላጊ ሁሉ የሚፈልገው «ሞርሳ» ብሎ ነው፤ በር ማቆሚያ መሃል ማን ይመጣል።

ልጁ እጁን ያዘችው። «አባዬ ስማኝ። ትንሽ ዋጋ ስጥና ዝም በል። ምንም እንዳትጽፍ።»

«ምን እጽፋለሁ?»

«አውቅሃለሁ። ዝም በል ብቻ።»

ዝምም አለ። ዝም ብሎ አደረ፤ ዝም ብሎ ምሳ በላ። ከምሳ በኋላ ሻጯ አንድ መስመር ጨመረችበት፤ «ከሥሩ ያለችው ትርፍ ብረት እግር ስለምትመታ ዛሬ ለበያጅ ሰጥቼ አስቆርጣታለሁ» ይላል።

እዚህ ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ራሳችንን በሱ ቦታ ማስቀመጥ አለብን። ሚሊ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተነስቶ ውኃ ጠጣ። ተመልሶ ስልኩን አነሳ። «እባክዎ እመቤቴ፣ ምላሷን አያስቆርጡ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ግን ምላሷ ለምን እንደማትቆረጥ ካልተነገራት ሴትየዋ በምን ታምናለች? ስለዚህ ምላሷ ምን እንደምትሠራ አስረዳ። ከዚያ ዘንጉ እንዴት እንደሚቀባ፣ ዝገቱ በምን እንደሚለቅ፣ አዲሶቹ ለምን እንደ ብስኩት እንደሚሰበሩ፣ ይህኛው ለምን ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ አብራራ። ፊደሉን አርሞ፣ ነጥቡን አስተካክሎ ላከው።

መልሱ ቶሎ መጣ። «አመሰግናለሁ አባባ። አባቴም እንደርስዎ ሲያስረዳ ይውል ነበር፤ ማናችንም አልሰማነውም። አይቆረጥም።» ቀጥሎ የማስታወቂያው ርዕስ ተለወጠ። «ብርቅዬ ሞርሳ፣ በባለሙያ የተመሰከረለት» ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። በር ማቆሚያው ዝንብ እንዳየው ማር ተከበበ፤ ዋጋው ከሚሊ አቅም በላይ ጋለበ፤ ሰዓቱ አለቀ ሲባል «ቀስ በል» ብቅ ብሎ ወሰደው።

ልጁ የጨረታውን ገጽ ዘግታ ስልኩን መለሰችለት። ሚስቱ ግን ተናገረች።

«በር ማቆሚያ ነው ብለህ ብታልፈው ምን ነበር?»

«ሊቆርጡት ነበር።»

«ቢቆረጥም የኛ ይሆን ነበር።»

«ከተቆረጠ በኋላማ ሞርሳ አይደለም።»

ከጥቂት ቀን በኋላ የዩኒፎርሙ ጨርቅ መጣ። ሚስቱ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ጣቃ ጨርቅ በትከሻዋ ተሸክማ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሚሊ መሮዎቹን ይሰበስብ ጀመር።

አልጋ ሥር ሳያስገባቸው ከ«ቀስ በል» መልእክት መጣ። «ጌታዬ፣ ጽሑፍዎን አንብቤ ነው የገዛሁት። ደርሶኛል። አሁን የት ነው የሚታሰረው?»

ስልክ ተለዋወጡ። ሰውየው የዚያው ከተማ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በነጋታው ሞርሳውን በመኪናው ጭኖ መጣ። ሚሊ የጠበቀው የወርክሾፕ ባለቤት፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። የመጣው እጁ እንደ ሳሙና የለሰለሰ የጥርስ ሐኪም ነው።

«መላጊያው፣ መጋዙ፣ ያ ሁሉ መሰርሰሪያ ምን ይሠራልህ ዶክተር?» አለው ሚሊ።

«ካርቶን ውስጥ ናቸው» አለ ሐኪሙ እያፈረ። «ቀን ሙሉ የማያቸው ሰዎች ሁሉ እኔን ይፈራሉ ጋሼ። በበሽተኛና በበሽተኛ መሃል አንድ ነገር ማሸነፍ ደስ ይለኛል። ይህን ግን ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ ልሠራበት ፈለግኩ።»

«የት ልታስረው?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«የሥራ ጠረጴዛ ከሌለህ ይኼ በር ማቆሚያ ነው» አለ ሚሊ፤ ሲናገረው ሚስቱን ላለማየት ተጠነቀቀ።

«እንግዲያው ይሥሩልኛ።»

«ለመሥራት ሞርሳ ያስፈልገኛል።»

ሐኪሙ ወደ መኪናው ጠቆመ። «ይኸው ሞርሳ።»

በዚህ ሁኔታ ሞርሳው በሚሊ ጠረጴዛ ላይ ታሰረ፤ የሐኪሙ ጠረጴዛ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ። ሚስቱ ጣቃዋን ጠቅልላ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ በሷው ልኬት፣ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ ጨርቅ አይቆረጥበትም። ሚሊ ምላሷን በጣቱ ጫን አደረጋት። መንጋጋው እንደ መሳቢያ ተሳበ። መልሶ ጫናት። ያን ጠዋት ሌላ ሥራ አልሠራም።

የሐኪሙ ጠረጴዛ እግር አወጣ፣ ወገብ አገኘ፣ ገጹ በኮላ ተጣብቆ ተላገ። ከሚሊ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ በመሃላቸው ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ሚስቱ በጎኗ ገባችና ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይኼኛው ሞርሳ አለው?»

«የለውም። ሲያልቅ ነው የሚታሰርለት።»

«እንግዲያው ጠረጴዛ ነው» አለችና ሰማያዊውን ጨርቅ ዘረጋችበት።

ከፍታው ለወገቧ ልክ ነበር። የዘንድሮ ሱሪዎች ሁለቱም እግራቸው እኩል ሆነ። እሱ በአንዱ በኩል ወንበር ይጠግናል፤ እሷ በሌላው በኩል ትቆርጣለች፤ የመጋዝ ብናኝ ጨርቄ ላይ ወደቀ፣ ክርሽ ኮላዬ ላይ ተጣበቀ እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ።

ሐኪሙ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ብቅ ያለ ቀን እሷ ጨርቁን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። «እንዴት ነው፣ ደረሰልኝ ጋሼ?» አለ የጠረጴዛውን ገጽ በመዳፉ እየዳሰሰ።

ሚሊ አፉን ከፈተ። መዋሸት አይችልበትም፤ ጠረጴዛው ካለቀ ሰንብቷል። ሚስቱ ግን ቀደመችው። የሚታጠፈውን ሜትር ከኪሱ መዝዛ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ዘረጋችና አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ከዚህ ጋ አንድ ሚሊ ትጎድላለች ዶክተር። ኮላውም ገና አልደረቀም።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም አልታየውም፤ እሱ የሚያውቀው የሌላ ዓይነት መንጋጋ ነው። «ምን ችግር አለው፣ ተስተካክሎ ይድረስ» ብሎ ሄደ።

መኪናው ከራቀ በኋላ ሚሊ ሜትሩን ተቀብሎ ያንኑ ጥግ ለካው። አንድም ሚሊ አልጎደለም። ቀና ሲል ሚስቱ መቀሷን ይዛ ታየዋለች። ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ወንበሩ እግር ተመለሰ።