በጉም ውስጥ የመጣው ጨው ገዢ

ያ የሐረና አደን አንድ አዲስ ድንኳን፣ አንድ ጆንያ የከብት ጨው፣ የአንድ ዓመት የአደን ፈቃድና በወዳጄ በተስፋዬ ጭን ላይ አሥራ አራት ስፌት አስከፍሎኛል። የተሰፋው እሱ ነው፤ ዕዳው ግን የእኔ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

እናንተ ሮቤ ድረስ መጥታችሁ ከሱቄ ድንኳን የምትከራዩ ልጆች፣ «ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እንዳትተክሉ» ስላችሁ እርስ በርስ ትተያያላችሁ። አውቃለሁ፤ «ከድር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደን ጠባቂ የሆነው?» ነው ነገሩ። እኔም ከእናንተ ዕድሜ ብዙ አልፌ እንኳ፣ ሕግ ማለት ሰው ተጨቃጭቆ የሚያስቀንሰው ዋጋ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ጥር ነው። ሰነቴ አምባ ላይ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ወደ ሐረና ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ደኑ ጉም ጠጥቶ ይንጠባጠባል። ሦስት ነበርን። ተስፋዬ የጎባ ልጅ ነው፤ ቢሮ ይሠራል፤ አባቱም አያቱም አዳኞች ነበሩ፤ ወሬ ሲጀምር ዱኩላው ራሱ ቆሞ ያዳምጠዋል። ኦቦ ሁሴን የሪራ ሰው ናቸው፤ ቀፎ ይሰቅላሉ፣ ደን ይጠብቃሉ። በደንቡ መሠረት አዳኝ ያለ ጠባቂ አይገባም፤ ለእኛ የተመደቡት እሳቸው ነበሩ። ፈቃዱ በእኔ ስም ለአንድ ወንድ ዱኩላ የተሰጠ ነው፤ ቦታውም ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። የያዝኩት አሮጌ ምንሽር ነው፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁለት ባለቤቶቹን ቀብሯል።

ሪራ ላይ ሁለት ፈረስ ተከራየን። ኦቦ ሁሴን ጭነቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ጆንያዎቹን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ከድር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጨው ነው ኦቦ። ውስጥ ያሉት ከብት አርቢዎች ይገዙኛል። ፈረሱ እንደሆነ ተከፍሎበታል።»

«ለዱኩላ የመጣህ መስሎኝ!»

ተስፋዬ ጣልቃ ገባ፤ «ግድ የለም ኦቦ፣ ዱኩላውንም ተከራክሮ በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል።»

የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ በተንጠለጠለበት ዛፍ ስር ገባን። እስከ ከሰዓት የዱኩላ ዱካ ተከተልን፤ ሁለት ሹል ሰኮና፣ ጥልቀቱ ጥሩ፣ በጠጡ ገና ያልደረቀ። አንድ ምንጭ ዳር ስንደርስ ግን ሌላ ዱካ ተደረበበት። ሰፊ ነው፤ ዙሪያው በአፍንጫ ተገልብጦ የታረሰ መስሏል። ኦቦ ሁሴን ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ዱካው መዳፋቸውን ሞላው።

«የጫካ አሳማ። እነዚህ ሴቶቹ ናቸው፣ ይኼ ትንንሹ ግልገል ነው። ይኼኛው ወንዱ ነው። የዛሬ ጠዋት ነው።»

«እኔን አይመለከተኝም» አልኩ። «ፈቃዴም ሃይማኖቴም አሳማ አይፈቅዱልኝም።»

የተፈቀደው የሰፈር ቦታ ከምንጩ በላይ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ገላጣ፣ እሳት የሚነድበት የድንጋይ ክብ የተሠራለት። ምንጩ ዳር ግን ማለዳ ማለዳ ከብት ይመጣል፤ ከብት ከመጣ ባለቤቱ ይመጣል። ሱቄ ደጃፍ ድረስ ሰው ሲመጣልኝ ታየኝ። ስለዚህ «ኦቦ፣ ቡላው ፈረስ አነከሰ» አልኩ።

ፈረሱን አዩት። ፈረሱም አያቸው። አራቱም እግሩ ደህና ነበር።

«ያነከሰውስ አንተ ነህ» አሉኝ። ጉሙ ግን ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ተስፋዬም ደክሞታል። በጨለማ ገደል ከመግባት ብለው እዚያው ምንጩ ዳር እንድናድር ፈቀዱልኝ፤ ሁለት ነገር አዘዙኝ። «የሚላስ፣ የሚሸት ነገር መሬት አያድርም፤ ጨዉን ዛፍ ላይ ስቀል። ጥይቱን ደግሞ ወዲህ በል፤ ሰፈር ውስጥ ጥይትና መሣሪያ አብረው አያድሩም።»

«ባዶ ብረት አቅፌ ልደር ኦቦ? በዚህ ጫካ?»

«አዎ።»

አምስቱን ጥይት ቆጥረው ከቆዳ ከረጢታቸው ከተቱ። አኮረፍኩ። አንዱን ጆንያ ሰቀልኩ፤ ሁለተኛውን ግን ድንኳኑ አጠገብ አስቀምጬ አፉን ፈታሁት። የሱቅ ልማድ ነው፤ ገዢ ዕቃውን አይቶ፣ በምላሱ ቀምሶ ነው የሚገዛው። የተከደነ ጆንያ ማን ይገዛል?

ሌሊቱን ጉሙ ጨዉን እያቀለጠ መሬቱን ሲያጠጣው አደረ።

ጠዋት ሰግጄ፣ ውሃ ጥጄ ተቀመጥኩ። ነግቷል፤ ግን አምስት እርምጃ ርቆ የታሰረ ፈረስ አይታይም። ኦቦ ሁሴን ቀፎ ሊያዩ ወጣ ብለዋል፤ ተስፋዬ ድንኳን ውስጥ ነው። ከጆንያው በኩል ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከባድ፣ እርጥብ ትንፋሽ። ቀጥሎ ልስ፣ ልስ፣ ልስ። የመጀመሪያው ደንበኛ ከብቱን ይዞ ደረሰ ብዬ ተነሣሁ።

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ!» አልኩ ድምፄን አሳምሬ። «ሶጊዳ አለ፣ ጨው! ደረቅ ነው፣ አሸዋ የለበትም፤ ይቅመሱት!»

ልስ፣ ልሱ ቀጠለ። ገዢው ዋጋ ሊያስቀንሰኝ የሚጠብቅ መሰለኝ።

ተስፋዬ ከውስጥ «ስንት አለህ?» አለኝ።

«ገና ዋጋ አልጠራም» ብዬ ሁለት እርምጃ ተጠጋሁ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ሳሳ። ጆንያው ውስጥ ጭንቅላቱን የቀበረ ጥቁር ነገር ቆሟል፤ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው፤ የጀርባው ጠጉር በውሃ ርሶ ተጣብቋል። ቀና አለ። ጉንጩ አብጧል፤ ጥርሱ ከከንፈሩ በሁለቱም ጎን ወጥቷል፤ አፍንጫው በጨው ነጥቷል። ከኋላው ግልገሎች ጮኹ። ኋላዬ እሳት፣ ፊቴ ግልገሎቹን የሚጠብቅ ወንድ፤ መሀል ቆሜያለሁ ማለት ነው።

መጣብኝ። በድንኳኑ ገመድ ላይ ዘለልኩ። እሱ አልዘለለም፤ ገመዱን በደረቱ በጠሰውና ድንኳኑ በተስፋዬ ላይ ወደቀ። አሳማው በሸራው ላይ ሁለቴ ጥርሱን ሲያሳርፍ አየሁ፤ የተስፋዬን ጩኸት ሰማሁ። ፈረሶቹ ገመዳቸውን በጥሰው ጠፉ። ዛፉ ላይ ያስደገፍኩትን ምንሽር አንስቼ ስዞር ጉሙ እንደገና ተዘግቷል።

ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ነገር ተነሣ። እርጥብ፣ ጎባጣ፣ እያቃሰተ፣ ወደ እኔ እየተንገዳገደ። አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ብዙ አድኛለሁ። መሀሉ ላይ አነጣጠርኩና ቃታውን ሳብኩ።

ቀጭ።

«ከድር!» አለ ጥቁሩ ነገር። «ከድር፣ እግሬን!»

እርጥብ ሸራ የተጠመጠመበት ተስፋዬ ነበር።

አሳማው በግራዬ ነበር ያለው፤ ወደ ጨዉ ተመልሷል። ኦቦ ሁሴን በገጀራቸው ጀርባ የማር ቆርቆሯቸውን እየቀጠቀጡ፣ ደኑን በጩኸት እየሞሉ ደረሱ። መጀመሪያ ሴቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ወንዱ በመጨረሻ ሄደ፤ አልተቻኮለም።

ሸራውን ቀድደን ጭኑን በጋቢዬ አጥብቀን አሰርነው። የሸራው ውፍረት ነው ያተረፈው፤ አለዚያ ጥርሱ አጥንት ይደርስ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ኦቦ ሁሴን ምንሽሩን ከመሬት አነሡ፤ መዝጊያውን ተመለከቱ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ስበኸዋል።»

«ስቤዋለሁ።»

ምንሽሩን እሳቸው አነገቱት። ፈረሶቹን ፈልገን ተስፋዬን ሪራ፣ ከሪራ በመኪና ጎባ ሐኪም ቤት አደረስነው። በመንገድ ላይ ኦቦን ለመንኳቸው፤ «ሪፖርት ሲያደርጉ የጨዉን ነገር ይዝለሉልኝ፤ እንተሳሰባለን።»

«ፈረሱ አነከሰ ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። ሁሉንም ጻፉት፤ ፈቃዴ ለዓመት ታገደ። አልተከራከርኩም።

ቃታውን በእሱ ላይ መሳቤን ለተስፋዬ የነገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ አልጋው አጠገብ ሻይ ይዤ። ሻዩን ተቀበለኝ።

«ያንተን ዒላማ አውቀዋለሁ» አለ። «ፈረሱን ነበር የምትመታው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ስንት እርምጃ ነበር?» አለኝ።

«አምስት።»

ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

አሁንም አድናለሁ። ሰፈር ስደርስ ጥይቴን ሳልጠየቅ ለጠባቂው እሰጣለሁ፤ ከጠባቂው ጋር ስለ ቦታ አልከራከርም። ያቺ «ቀጭ» ጣቴ ላይ አለች፤ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስቆልፍ እንኳ አንዳንዴ ትመጣለች። ስለዚህ ድንኳን ስትከራዩ ደንቡን ሁለት ጊዜ ስነግራችሁ ታገሡኝ፤ ለእሱ አላስከፍልም።

በዚያ ጉዞ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ሦስት ሆነን ገባን፤ ሦስት ሆነን ወጣን።