ውሻዋ የላሰችው እጅ

ዛሬ ጠዋት ባቡር ውስጥ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ዝናብ የመታው ውሻ ይዞ ነበር። ያ የእርጥብ ፀጉር ሽታ መጣብኝና ካናዳ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር የኖርንበት ፎቅ ሊፍት ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣዬን ማንበብ አልቻልኩም።

አያቴን፣ የእናቴን አባት፣ እናቴ ከአገር ቤት ያስመጣቻቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በብርድ ወራት ነበር። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው በረዶ ሲያዩ ይውላሉ። መስኮቱ እንኳ ከአራት ጣት በላይ አይከፈትም። ብቻቸውን እንዳይወርዱ ሊፍቱ ውስጥ ውሻ አለ፤ ውሻ የላሰው ሰው ደግሞ በዚያ ቀን አይቆርብም ተብለው ነው ያደጉት። እኔም ከእሳቸው ጋር ቤት መዋል ሰልችቶኝ ነበር። አመሻሽ ላይ አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም እንዳወጣ ይተርኩልኛል። «እኛ በፍጥረት ላይ ሹሞች ነን» ይሉኛል፤ «ሹም ደግሞ ይጠየቃል።»

ካናዳ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቆርቡ የተዘጋጁበት እሁድ መጣ። እኔም አብሬያቸው ልቆርብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ነጠላችንን ለብሰን፣ በባዶ ሆዳችን ሊፍት ገባን፤ እናቴ ቀድማ ወርዳ ታች ትጠብቀናለች።

መንገድ ላይ ሊፍቱ ቆመና አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ጎረቤታችን ከትንሽ ውሻዋ ጋር ገባች። አያቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ጥግ ላይ ተለጠፉ። ጥቂት እንደወረድን ሊፍቱ ተንገጫግጮ ቀጥ አለ። መብራቱ ደከመ። ደወሉን ብጫን፣ ብጫን የሚመልስ ጠፋ። ውሻዋ እያለቃቀሰች በሩን ትቧጭራለች፣ አሮጊቷ እጇን ቁርጥማት ስለያዘው ልታነሳት አልቻለችም። እኔም ግድግዳው የተጠጋኝ መሰለኝ። አየር አጠረኝና አለቀስኩ።

አያቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሻዋን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ነይ እስቲ፣ ነይ» አሏትና ነጠላቸው ውስጥ አቀፏት። እየተንቀጠቀጠች ቀኝ እጃቸውን ላሰችው።

«አባባ! ይቆርባሉ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። በሌላው እጃቸው እኔን ሳብ አደረጉኝ። «ኖኅ ንጹሑንም ንጹሕ ያልሆነውንም ነው ያስገባው። በሩን የዘጋው ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ነው። አትፍሪ።»

ሠራተኞች መጥተው ሲያወጡን ውሻዋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ቅዳሴው ሳይጀመር ደረስን። እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ታጥበው ይቁረቡ አባዬ፣ እዚህ አገር ማን ያያል?» አለቻቸው።

«ሥርዓት ነው ልጄ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አነሷት?» አልኳቸው። ተናድጄባቸው ነበር።

«ፈርታ ነበራ።»

ሌላ የሚቆርቡበት እሁድ አላገኙም። ፋሲካ ሳይደርስ በሳንባ ምች ሞቱብን። ያን ቀን ግን ይህን ማን ያውቃል?

የሚቆርቡት ሲሰለፉ አያቴ ከኋላ፣ ግድግዳው አጠገብ ቀሩ። ቀኝ እጃቸው ማንንም እንዳይነካ ከሰውነታቸው አርቀው ዘርግተውታል። ዓይናቸው እንባ አቅሯል። «ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ» አሉኝ።

ወደ እሳቸው ሄጄ ውሻዋ የላሰችውን እጃቸውን ያዝኩት።

«ተይ፣ ከነካሽው አንቺም አትቆርቢም እኮ» አሉ፣ እጃቸውን ሊያስለቅቁኝ እየሞከሩ።

አልለቀቅኳቸውም።