የነገ ሸንጎ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይባላል። የሮቢትና የአካባቢዋ ሰው ግን ልጁን ከማፋታት የተሻለ መላ ነበረው። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ በገባ ማግስት በሮቢ ወንዝ ዳር ካለችው ትልቅ ሾላ ሥር ይሰበሰብና ገና ስላልመጣው ዘመን ሲያወራ ይሰነብታል። ስሙንም የነገ ሸንጎ ብሎታል። ሸንጎው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይጀመራል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይቀጥላል። ዓርብን ለጁምዓ ትተውለት ነው። ከቆላው እስላሙ፣ ከቀወት መንደሮች ክርስቲያኑ ይመጣል፤ ወጉ ግን ሃይማኖት አልነበረውም።

የሸንጎው ሕግ ቀላል ቢሆንም ጨካኝ ነበር። እዚያ የሚወራው በዓለም ላይ ገና ያልሆነ ነገር ብቻ ነው። ያለፈውን ማውራት ለሚፈልግ ሽማግሌውም አዝማሪውም ሞልቷል፤ ወደዚያ ይሂድ። ዕጣ የደረሰው ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ሲጨርስ ዳኛው «ያየ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ አይቻለሁ» ካለ ተናጋሪው ሳተ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ የሳተ ዕድሜ ልኩን ሰሚ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ዕጣ አይጣልለትም። ዕጣው ደርሶት ዝም ያለም እንደ ሳተ ይቆጠራል።

ሷሊሕ ሁለት ጊዜ ስቷል።

ሷሊሕ ግመለኛ ነው። ከአፋር በረሃ ጨው ያወጣል፤ ከሮቢት ጥጥና እህል ያወርዳል። ቁመቱ ረዘም፣ ሥጋው ከሳ፣ አንገቱም ወደ ፊት ዘለቅ ያለ ሰው ስለሆነ ሰው ከግመሎቹ ጋር ተዛመደ እያለ ይቀልድበታል። ዓመቱን ሙሉ ከግመል ኋላ የሚሄድ ሰው መቼም ሐሳብ አያጣም። መጀመሪያ የሳተው ሰው ሳይኖርበት የሚናገር ሣጥን ይመጣል ብሎ ነው። ነጋዴው አብዱረሂም ተነሣና «ድሬዳዋ ላይ አይቻለሁ፤ ዘፈንም ይዘፍናል» አለ። በዓመቱ ደግሞ በዚህ በሮቢት ሐሩር መሐል በረዶ የሚሠራ ማሽን ይመጣል ብሎ በኩራት ተቀመጠ። አሁንም አብዱረሂም ተነሣ። ይህ አብዱረሂም የሚባል ሰው ያላየው ነገር ያለ አይመስልም፤ አንዳንድ ሰው መንገድ የሚወጣው ለመነገድ ሳይሆን የሰው ሐሳብ ለማፍረስ ነው።

ሷሊሕን ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። ሀብታም አይደለም፣ ሸኽ አይደለም፣ ባላባትም አይደለም። ዓመቱን በሙሉ የሚያናግረው ግመሎቹን ነው፤ እነሱም አይመልሱለትም። በዓመት አንዴ ግን ያ ሁሉ ሰው አፍ አፉን ያየዋል። ያችን አንዲት ቀን ከተነጠቀ ምን ይቀረዋል? ሚስቱ ራቢዓ ሣቋ ቅርብ፣ ምላሷ ስል የሆነች ሴት ናት። ተናጋሪ መሆን ካማረህ እቤት ተናገር፣ እኔ አለሁልህ ትለዋለች። እሱ ግን ሚስት አንተ ስትናገር ጣልቃ ትገባለች፣ ሸንጎ አይገባም ይላል።

ጣሊያን ሮቢት ላይ ባንዲራውን ሰቅሎ ሁለተኛው መኸር ሲገባ ሸንጎው ይቅር አይቅር የሚል ነገር ተነሣ። ሰው ከሦስት አራት ሆኖ ከተሰበሰበ የሚያስጠረጥርበት ዘመን ነበር። ዳኛው ጋሼ ገብረሚካኤል የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ፣ በነገር የማይቸኩሉ። እሳቸው ራሳቸው ወደ ጣሊያኑ ሹም ሄደው የምናወራው የሌለ ነገር ነው፣ ስለሌለ ነገር ማውራት ምን ክፋት አለው ብለው አስረዱት። ሹሙ እየሣቀ ፈቀደ። አደራው ግን በሽማግሌው ራስ ላይ ሆነ፤ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ሷሊሕ በዚያ ዓመት የያዛት ወሬ አታስተኛውም ነበር። አንድ ቀን፣ ይላል፣ ሰው የጣርማ በርን ተራራ መውጣትና መውረድ ይሰለቸውና የተራራውን ሆድ ይበሳል። በዚህ በኩል ገብቶ በዚያ በኩል ይወጣል። ውስጡ በቀን ጨለማ ነው፤ እናት ልጇን በድምፁ ትለየዋለች። ይህቺን ወሬ በረሃ ለበረሃ ሲያዞራት፣ ሲያስተካክላት፣ ለግመሎቹ ሲነግራት ከረመ። ይህቺንስ አብዱረሂምም አያፈርሳትም ብሎ ተማመነ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከገበያ መልስ ሰው ሾላዋን ከቦ ተቀመጠ። ጀይላን የሚባለው ሸማኔ ተነሥቶ ሰው ጨረቃ ላይ ይሰፍራል፣ መንደርም ይቆረቁራል አለ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ግብር ሰብሳቢው ነው። ሰው ሣቀ፤ ያየም አልነበረም። እትዬ ከበቡሽ ቀጠሉ። ሰው በየቤቱ ተቀምጦ ግንባሩን ነካ እያደረገ ሩቅ አገር ካለ ዘመዱ ጋር የሚነጋገርበት ዘመን ይመጣል አሉ፤ ያን ጊዜ ሐሜት ዋጋዋ ይረክሳል ብለው አዘኑ። ሷሊሕ ይህን ሁሉ እየሰማ ደስ አለው። በዚያ ዘመን፣ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል፣ ሰው ስለ ጨረቃ ሲከራከር መስማት ነፍስን ያሳርፋል።

ዕጣው ግን በዚያ ቀን አልደረሰውም። ሰው ሲበተን ከጎኑ የተቀመጠውን ደምሴን አገኘው። ደምሴ ከላይ ከደጋው የወረደ ግንበኛ ነው። እጁ ተላልጧል፤ ምን ሆነህ ነው ቢለው ጣርማ በር ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ መክረሙን ነገረው። ጣሊያን ተራራውን እየበሳው ነው አለ፤ ከወዲህም ከወዲያም ይገባሉ፣ መሐል ላይ ሊገናኙ ነው ሐሳባቸው። ይህን ያለው እንደ ተራ ወሬ ነው። ለሷሊሕ ግን ተራ አልነበረም። አንድ ዓመት የለፋባት ወሬ እሱ በረሃ ሳለ ተነሥታ ሆና ቆየችው።

እሁድ ጧት ከራቢዓ ጋር ግመሎቹን ነድተው ወደ ሾላዋ ሲሄዱ ሷሊሕ ምድር ምድሩን እያየ ነበር። በመንገዱ ወታደር የጫነ አንድ የጣሊያን ካሚዮን አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ግመሎቹን ድሮ መሐል መንገድ ነበር የሚነዳቸው፤ ካሚዮን ከመጣ ወዲህ ጥግ ጥጉን ሆኗል። ራቢዓ አቧራውን ከፊቷ ጠርጋ ዓለም ላይ የሌለ ነገር ካጣህ እኔ ልንገርህ አለችው። ከዚያ እየሄዱ አንዲት ወሬ አወጡ፤ አንዱን እሷ ትላለች፣ አንዱን እሱ ይጨምራል።

አንድ ቀን ጧት እነዚህ ካሚዮኖች ፊታቸውን ያዞራሉ። የመጡት ሁሉ እንደ ጎርፍ በመጡበት ይመለሳሉ። ባንዲራቸውን ያወርዱና ይጠቀልሉታል፤ ሳጥናቸውን፣ አልጋቸውን ይጭናሉ። መንገዱን ግን ጠቅልለው ሊወስዱት አይችሉምና ጥለውት ይሄዳሉ። ያን ቀን የሷሊሕ ግመሎች መሐል መሐሉን ይሄዳሉ፤ ጥግ ያዙ የሚላቸው የለም። ሷሊሕ ይህን ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወሬ አውጥቶ አያውቅም፤ ከዚህ በኋላም እንደማያወጣ ልቡ ነገረው። መጨረሻዋን ሲናገር ራቢዓም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣልቃ አልገባችም።

ሸንጎው ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዕጣ የሷሊሕ ሆነ። እሱም ወገቡን ታጥቆ ብድግ አለ። አፉን ሊከፍት ሲል ከኋላ የሰው ግር ግር ተሰማ። የሹሙ አስተርጓሚ ለማ ነው። ጫማውን አስወልውሎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣና ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሹሙ ሂድና ሰምተህ ንገረኝ ብለውኛል አለ። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ እንዲያውም ወሬ የሚወድ ይመስላል። የሚሰማው ጆሮ ግን የሱ አልነበረም።

ሷሊሕ ዙሪያውን አየ። ጋሼ ገብረሚካኤል በትራቸውን ይዘው በዳኝነት ቦታቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ከበቡሽ አሉ፤ ጀይላን አለ፤ ደምሴም አለ። ይህቺን ወሬ ከተናገራት ሽማግሌው «ያየ አለ?» ማለታቸው አይቀርም። ያየ የለም። ስለዚህ ወሬዋ ጸናች፣ ሸንጎው ሁሉ ተቀበላት ማለት ነው። ማታውን ሁሉም ተለቅሞ ይታሰራል፤ የመጀመሪያው ሽማግሌው ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም ቢልስ? ዝም ያለም የሳተ ነው፤ አስተርጓሚውም ምን ልትል ነበር ብሎ ያፋጥጠዋል።

ከሾላዋ ማዶ ግመሎቹ ታስረው ቅጠል ያመነዥካሉ። ሷሊሕ እነሱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ወደ ፊት አንድ ጉደኛ እንስሳ ይመጣል።»

ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ይህ እንስሳ ጀርባው ላይ ኮረብታ አለው አለ። አንገቱ ረጅም ከመሆኑ የተነሣ የበላው ሆዱ እስኪደርስ ድረስ ይረሳዋል። ውኃ ሳይጠጣ ሰንብቶ በረሃ ያቋርጣል፤ ሲቆጣ ይተፋል፤ ሲጫን ያለቅሳል፣ ሲወርድለትም ያለቅሳል። ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጠው እንደ ባላባት ነው። ሷሊሕ ይህን ሁሉ ፊቱን ሳያፈካ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ትንቢት ተናገረው። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። ሰውየው ፀሐይ መታው ወይ ያለም ነበር። ከዚያ አንዱ ግመል ከማዶ አጓራ፤ ሸንጎው በሣቅ ፈረሰ። ጀይላን መሬት ላይ ተንከባለለ። አስተርጓሚው ባርኔጣውን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

ጋሼ ገብረሚካኤል ብቻ አልሣቁም። ሷሊሕን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ አስተርጓሚውን አዩ፤ መልሰው ሷሊሕን አዩ። «ያየ አለ?» ሲሉ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

ሁሉም አየሁ አለ። አብዱረሂም ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ፤ አስተርጓሚው እንኳ እጁን አወጣ። ሦስተኛው ስሕተት ሆነና ሷሊሕ ከተናጋሪዎች ወጥቶ ከሰሚዎች መሐል ሄዶ ራቢዓ አጠገብ ተቀመጠ። አስተርጓሚው ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ስለ ጨረቃ ሲጀምር ሰለቸውና ተነሥቶ ሄደ፤ ለሹሙ ምን ብሎ እንደነገረው አልታወቀም፣ ሸንጎው ግን በሰላም ተበተነ።

ሰው ሷሊሕን ለብዙ ጊዜ በግመሉ ወሬ ቀለደበት። እሱም አብሮ ይሥቃል። ውስጡ ግን አዝኖ ነበር፤ ሐዘኑንም ለራቢዓ አልደበቃትም። ዝም አይነቅዝም አለችው። ይሁን እንጂ ዝም ማለትም የራሱ ሕመም እንዳለው ሷሊሕ በየመኸሩ እዚያ ሾላ ሥር ተቀምጦ የሰው አፍ ሲያይ ተማረው።

ከዚያ ዘመን መጣ ዘመን ሄደ፤ ጣሊያንም ሄደ። ካሚዮኖቹ ፊታቸውን ያዞሩ ዕለት ሮቢት ሁሉ መንገድ ወጥቶ እልል አለ። ሷሊሕም ወላሂ እስኪያልበው ጨፈረ፤ ግመሎቹንም ፈትቶ መሐል መሐሉን ነዳቸው። በዚያ ዓመት መኸር ሸንጎው ሲሰበሰብ ሰው ጋሼ ገብረሚካኤልን ሷሊሕን ይማሩትና ዕጣ ይጣልለት ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌው ያን ቀን ምን ዋጥክ ብለው ጠይቀውት አያውቁም ነበር። አሁን ግን ሕጉን ሽረው ወደ እሱ ዞሩ። «በል ልጄ፣ ያን ጊዜ የተውካትን አሁን ንገረን» አሉት።

ሷሊሕ ተነሣ። ዙሪያውን ሲያይ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ካሚዮኖቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ያላየ አንድም ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አለ። «አሁንማ ሁሉም አይቷታል።»

ተመልሶ ራቢዓ አጠገብ ተቀመጠ። እንዲህ ደስ ባለው ዓመት ማዘኑ አሳፍሮት አቀረቀረ። በዓለም ላይ አንዲት ጥሩ ወሬ ነበረችኝ፣ እሷንም ማንም አልሰማትም አለ በልቡ፤ ቃሉ ግን ሳያውቀው ከአፉ ወጥቶበት ነበር።

ራቢዓ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እሱ ተጠጋች።

«እኔ ሰምቻታለሁ» አለችው። «ገና ሳትሆን ነው የሰማኋት።»