«ያሉት እነዚህ ብቻ ናቸው»

ነገሩ የሆነው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ ቆቦ። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን አንድ ሳምንት ነገር ግን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ቆቦ ተመድቤ ስመጣ ዝናቡ ከቀረ ሰንብቷል። የራያ ሜዳ ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ ቆሟል። ከብቱ አልቋል። ሰዉ ከደጋም ከቆላም እየመጣ አውራ ጎዳናው ዳር ይተኛ ነበር። ተማሪዎቻችን አንድ በአንድ ቀርተው ክፍሉ ባዶ ሲሆን ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆነ። እኔም እንግሊዝኛ ስለምሞክር፣ ጽሕፈቴም ስለሚነበብ፣ የተራቡትን እንድመዘግብ ታዘዝኩ።

እህሉ አንድ የውጭ መንግሥት የላከው ስንዴ ነው። ደንብ ነበረው። ማንም ሰው «ይህ የእኔ አገር ሰው ነው፣ ተቸግሯል» የሚል ደብዳቤ ከአገሩ ጭቃ ሹም ካላመጣ አይመዘገብም። ካልተመዘገበ ስንዴ አይሰፈርለትም፤ ግቢው ውስጥም አያድርም። አንዱ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይወስድ ነው ይሉ ነበር። ራብ ያባረረው ሰው ደብዳቤ አጽፎ ከቤቱ እንደማይወጣ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ሚስታቸውን ደግፈው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። እንድሪስ እባላለሁ አሉኝ። አገራቸው ከዋጃ በታች ነው። ሚስታቸው ዘሐራ ትባላለች፤ ከሳቸው ብዙ ታንሳለች። እግሯ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል።

መዝገቡ ላይ የልጆች ረድፍ ስላለ «ልጆችስ?» አልኩ።

«አላህ ወሰዳቸው» አሉ።

ስንት እንደነበሩ አልጠየቅኩም።

«ደብዳቤ ይዘዋል፣ አባባ?»

«የምን ደብዳቤ፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። «ጭቃ ሹማችንም እኮ ተሰዷል። ራቡ ሹም ነው ብሎ አልማረውም» አሉ። ከዚያ «የገባበትን ግን ሰምቻለሁ። ዘመዶቹ ዘንድ፣ ተራራው ሥር ነው አሉ» ብለው ጨመሩ።

ያን ሰዓት ስማቸውን ብጽፈው ማንም አያየኝም ነበር። ግን ከሳምንት በፊት አንድ መዝጋቢ ያለ ደብዳቤ ሰው ጽፎ ከሥራው ተባሯል። ፈራሁ። «ያለ ደብዳቤ አልችልም» አልኳቸው።

ዘሐራ ከዚያ በላይ መራመድ አትችልም። ከአጥሩ ውጭ ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጧትና ወደኔ ተመለሱ።

«ሁለት ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ ነው። ዓርብ እደርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። አደራሽን፣ ከዓይንሽ እንዳትርቅ።»

«እሺ» አልኩ።

ጠዋትና ማታ ከቤቴ አጥሚት እየሠራሁ እወስድላት ነበር። መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ፉት ብላ ተወችው። ማክሰኞ ግማሹን ጠጣች። ረቡዕ ማታ ጨርሳ ዕቃውን ስትመልስልኝ «ጨው አብዝተሻል። ያስተማረሽ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ጨው በዛ የሚል ሰው አይሞትም ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከአውራጃው አንድ ሹም መጣ። ስንዴውን የላከው መንግሥት መልእክተኛ ከሰዓት በኋላ ስለሚጎበኘን መንገዱ ዳርና አጥሩ ሥር ያለው ሰው በሙሉ እንዲነሣ አዘዘ። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ገመናችንን ለባዕድ አናሳይም» አለ። የጭነት መኪና ቀረበ። ሰዎቹ «ከቆቦ በስተደቡብ ሮቢት ከተማ ምግብ ስላለ ወደዚያ ነው የምትሄዱት» ተባሉ። ሮቢት ምንም እንዳልነበረ መኪናው ዘንድ የቆምነው ሠራተኞች ሁሉ እናውቃለን።

ወደ ሹሙ ሮጥኩ። «ጌታዬ፣ ያቺ ሴትዮ ባሏ ደብዳቤ ሊያመጣ ሄዷል። ነገ ይደርሳል። እሷ እንኳ ትቆይ።»

«ስሟ መዝገብ ላይ አለ?»

«የለም፤ ግን...»

«እንግዲያማ የለችም» አለኝ። «አንቺ ይልቅ ሄደሽ ልብስሽን ቀይሪ። የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ።»

ሁለት ዘበኞች ዘሐራን በብብቷና በእግሯ ይዘው ሲያነሷት አየሁ። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እኔ ልብሴን ልቀይር ሄድኩ።

እንግዳው ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ረጅም ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፍል ከክፍል እየዞረ አየ። አንድ ሕፃን ፊት ተንበርክኮ ብዙ ቆየ፤ ሲነሣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ማስታወሻውን አወጣና እንዲህ አለኝ፦

«የእኛ መንግሥት እህል የሚልከው በሰዉ ቁጥር ልክ ነው። ስለዚህ በትክክል ማወቅ አለብኝ። ከነዚህ ሌላ ሰው አለ?»

ተረጎምኩ። ሹሙ «ያሉት እነዚህ ብቻ ናቸው በይው» አለ።

ሹሙ እንግሊዝኛ አይሰማም ነበር። ምን እንዳልኩ ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ ጠዋት በመኪና ወሰዷቸው፣ አጥሩ ሥር ሙሉ ሰው ነበር ማለት እችል ነበር። ቃላቱ ለልጆች የማስተምራቸው ቃላት ናቸው። አልጠፉኝም።

«ያሉት እነዚህ ብቻ ናቸው» አልኩት።

ጻፈው። እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

አባባ እንድሪስ እንዳሉት ዓርብ ደረሱ። ደብዳቤውን ሽርጣቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። መጀመሪያ ግራሩ ሥር ሄዱ፤ ከዚያ ወደኔ መጡ።

«ዘሐራስ?»

«ሮቢት ወስደዋታል። እዚያም ዕርዳታ አለ ብለው።»

«በሕይወቷ?»

«አዎ፣ በሕይወቷ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ፊታቸው በራ። ደብዳቤውን ፈትተው ሰጡኝ። ጭቃ ሹሙ በአውራ ጣቱ ፈርሞበታል። ሁለቱንም መዘገብኳቸው፤ የሁለት ሰው ስንዴ ተሰፈረላቸው። እባክዎ እዚህ ይደሩ፣ ጥቂትም ይቅመሱ ብላቸው «ትጠብቀኛለች» ብለው እንቢ አሉ። ስንዴውን በጨርቅ ጠቅልለው ተሸከሙ። ሲሄዱ መለስ ብለው «አላህ ያኑርሽ። አደራ በላ አይደለሽም» አሉኝ።

አላረምኳቸውም። መንገዱን ይዘው ወደ ደቡብ ሲሄዱ እስኪርቁ ቆሜ አየኋቸው።

እሑድ በጭነት መኪና ሮቢት ሄድኩ። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ጠየቅኩ። «ወንዙ ዳር አራግፈዋቸው ነው የሄዱት። መራመድ የቻለው ወደ ጎብዬ አቀና። ያልቻለውን የከተማው ሰው በአንድ ጉድጓድ ቀበረው» አለችኝ። የሴቶቹን ስም የጠየቀ ሰው ነበር ወይ አልኳት። «ማን ይጠይቃል? አንድ ስንዴ የተሸከሙ ሽማግሌ ብቻ ትናንት ዘሐራ፣ ዘሐራ እያሉ ሲዞሩ ነበር። ጎብዬ ይፈልጓት ብለን ላክናቸው፤ ምን እንበላቸው?» አለች።

ጎብዬ ድረስ አልሄድኩም። ምን ብዬ? ቆቦ ተመለስኩ፤ ሰኞ ጠዋትም መዝገቡን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ስንዴው ከሳምንታት በኋላ መጣ። እንግዳው ቃሉን አላጠፈም፤ የመጣው በጻፈው ቁጥር ልክ ነው። እስከዚያ ቁጥራቸው ስለጨመረ ግቢው ውስጥ ላሉት እንኳ ሙሉ በሙሉ አልበቃም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ በየቀኑ ይጨምር ነበር። ጠዋት ጠዋት በቃሬዛ ሬሳ የሚያነሡት ሰዎች ከውጭ ይጀምሩ ነበር።

አባባ እንድሪስን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ከሞቱ የት እንደተቀበሩ፣ ከተረፉ የት እንደገቡ አላውቅም። ዘሐራ ከመኪናው ላይ ትሙት፣ ወንዙ ዳር ትሙት አላውቅም። ይቅርታ እንኳ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም የዚያ ዘመን ራብ ሲነሣ ሰው ሁሉ ሹማምንቱን ይረግማል። ሐቅ አላቸው። እኔ ግን አፌን ከፍቼ አብሬ መርገም አልችልም። ሹም አልነበርኩም፤ የፈራች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህን ለራሴ ስንትና ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አንድም ቀን አላሳረፈኝም።